ማዕዱን ፈርተን ምላጩን አመንን

የጉበት ቫይረስ የያዘው ሰው ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚለየው ብርጭቆው ነው። ቫይረሱ ግን በብርጭቆ አይሄድም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከሕክምና ማዕከሉ በር የተነሣው ሰልፍ አስፋልቱ ዳር ደርሷል። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ፓስፖርታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ሸጉጠዋል። ከወሎ የመጡ አሉ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ። መናኸሪያ አካባቢ አንድ አልጋ ለሦስት ተከራይተው ያነጉም አይጠፉም። ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኩዌት ወይም ወደ ዱባይ ለሥራ ለመሄድ «ሜዲካል» ማለፍ ግድ ነው። ደረታቸውን ራጅ ይነሣሉ፣ ሽንት ይሰጣሉ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ደም ይቀዳሉ። የዚያ ሁሉ መጨረሻ አንዲት ቃል ናት፤ «ፊት» ወይም «አንፊት»።

አንፊት ከሚያሰኙት ምክንያቶች አንዱን ልጆቹ በአጭሩ «ጉበት» ይሉታል። «እሷን እኮ ጉበት አለብሽ ብለው መለሷት» ይባባላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሙሉ ስሙ ሄፓታይተስ ቢ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠራተኛ ከመቀበላቸው በፊት ደሙ ውስጥ ይህ ቫይረስ መኖር አለመኖሩን ያስመረምራሉ፤ ከተገኘ ቪዛው እዚያው ላይ ይቆማል። የብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ ትውውቅ ከቫይረሱ ጋር የሚሆነውም በዚህ መንገድ ነው። አሟቸው ሐኪም ቤት ሄደው አይደለም። ለመሄድ ተዘጋጅተው፣ ቤተሰብ ከብት ሸጦ ወይም ተበድሮ ወጪውን ከሸፈነ በኋላ፣ ጉዞው ሊያልቅ አንድ ወረቀት ሲቀረው ነው።

ከዚህ በር ላይ የሚሰማው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «እኔ እኮ አሞኝ አያውቅም» ትላለች ልጅቷ። እውነቷን ነው። ማሳ ላይ ስትውል፣ እንስራ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ የኖረች ጤነኛ ልጅ ናት። ዓይኗ ቢጫ አልሆነም፣ ጎኗን አልወጋትም። ደላላው ደግሞ ከውጭ ቆሞ «ሌላ ቦታ እናሠራልሻለን፣ አታልቅሺ» ይላታል። ስለ ቫይረሱ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳት ሰው ግን ብዙ ጊዜ አታገኝም። ምርመራው የተደረገው ለአሠሪው ነዋ።

«ከየት አመጣሽው?»

ወደ ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ጥያቄ ይህ ነው። ለጥያቄው መልስ የሚሰጠውም ሰፈሩ ነው። አንዱ ከከተማ ምግብ ነው ይላል። ሌላው ከላብ፣ ሦስተኛው ከሰው ልብስ። አሮጊቶቹ የሌሊት ወፍ ሽንት ነክቷት ይሆናል ይላሉ፤ ዓይን የሚያቢጨውን ሕመም የወፍ በሽታ የምንለው ከዚሁ እምነት ጋር ተያይዞ ነው። ጎረምሳ ከሆነ የተያዘው፣ ዝም ብለው በጎን ይመለከቱታል። ምን እንዳሰቡ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም።

ከዚያ ብርጭቆው ይለያል። ሳህኑ ይለያል። እናት እንኳ ሳትወድ በግድ ልጇን ከመሶቡ ዘወር ታደርጋለች፤ ትንንሾቹን እንዳታስይዝባት። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ሰው የሚያየውን መንገድ ይዘጋል፤ በየቤታችን በቀላሉ የሚታየው መንገድ ደግሞ አብሮ መብላት ነው።

ፍርሃቱ ከምንም የመጣ አይደለም። የጉበት ቫይረስ በሚለው ስም የሚጠሩት አምስት ናቸው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ። ጉበትን ከማጥቃት በቀር ዝምድናቸው እምብዛም ነው። ኤ እና ኢ በርግጥም በቆሸሸ ውኃና ምግብ ይተላለፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች ውስጥ የተነሣው ወረርሽኝ የሄፓታይተስ ኢ ነበር፤ ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ በሚያጥርበት ቦታ የሚነሣ ነው። እነዚህ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ለሳምንታት አሠቃይተው ይወጣሉ፤ ሥር የሰደደ በሽታ ሆነው ዓመታት መቆየታቸው ከስንት አንድ ነው። ቢ እና ሲ የደም ናቸው። ዲ ደግሞ ቢ ከሌለ መኖር የማይችል ተጠጊ ነው። ሰፈሩ የአንደኛውን መንገድ ለሌላኛው ሰጥቶ ነው የተሳሳተው።

*ሰው የሚያየውን መንገድ ይዘጋል፤ ቫይረሱ ግን በማይታየው ይገባል።*

ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር። ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በወንድ ዘር ፈሳሽና በሴት ብልት ፈሳሽ ውስጥ ነው በብዛት የሚገኘው። ምራቅ ውስጥም ይገኛል፤ መጠኑ ግን ከደሙ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው። ከአንድ ገበታ በመብላት፣ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣት፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ፣ በማሳልና በማስነጠስ አይተላለፍም። ትንኝ አታስተላልፈውም። ያለባት እናት ልጇን ጡት ብታጠባ አታስይዘውም። ጉርሻም እንደዚያው ነው። ከዚህ የሚለየው አንድ ልማድ ነው፤ ምግብን በአፍ አላምጦ ለሕፃን ማጉረስ። ድዱ የሚደማ ሰው ከሆነ ምራቁ ደም ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ባለሙያዎች ይህን አይመክሩም።

የመጀመሪያው ሌሊት

እንግዲህ ያቺ ጤነኛ ልጅ ከየት አመጣችው? በእርግጠኝነት መናገር የሚችል የለም። በእኛ አገር ሁኔታ ግን ሐኪሞች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠረጥሩት ከተማውንም ፍቅረኛዋንም አይደለም። የሚጠረጥሩት የተወለደችበትን ሌሊትና ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት አምስት ዓመታት ነው።

ቫይረሱ ያለባት እናት ስትወልድ ሕፃኑ በደምና በፈሳሽ ተነክሮ ይወጣል። ያን ጊዜ ከተያዘ፣ ከአሥር ሕፃናት ዘጠኙ ዕድሜ ልካቸውን ተሸካሚ ሆነው ይቀራሉ። አዋቂ ሰው ሲያዝ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከመቶ 95ቱ ያህል በራሳቸው አቅም ከሰውነታቸው ያስወጡታል። ልዩነቱ ያለው ቫይረሱ ላይ ሳይሆን ተቀባዩ ላይ ነው። የጨቅላው የመከላከያ ሠራዊት ገና ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ እንግዳውን እንደ ቤተሰብ ይቀበለዋል። ስላልተዋጋው ትኩሳት የለም፣ ቢጫ መሆን የለም፣ ሕመም የለም። ልጁ እየሣቀ ያድጋል። ለዚህ ነው ተሸካሚ ከሆኑት አብዛኞቹ «አሞኝ አያውቅም» የሚሉት።

ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው ይልቅ ለማመን ያስቸግራል። ከእናቱ ንጹሕ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከጎረቤት ልጅ ይይዘዋል። አራት ልጆች በአንድ ቁርበት ወይም ፍራሽ ላይ ሲተኙ፣ አንዱ ጉልበቱ ላይ ያልጠገገ ቁስል አለው፣ አንዷ እከክ ይዟት ስትቧጥጥ ታድራለች። በአንድ ፎጣ ይታሻሉ፣ በአንድ ምላጭ ይላጫሉ፣ ሲጣሉም ይናከሳሉ። ጠብታ ለመባል የማትበቃ፣ በዓይን የማትታይ ደም ትበቃለች። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በትንንሽ ልጆች መካከል የሚደረገው ይህ ዓይነቱ መተላለፍ ከእናት ወደ ልጅ ካለው ያላነሰ ድርሻ እንዳለው ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ጽፈዋል። ልጁ በዚያ ዕድሜ ሲያዝ ተሸካሚ ሆኖ የመቅረቱ ዕድል ከጨቅላው ቢያንስም ከአዋቂው በብዙ ይበልጣል።

አስቡት እንግዲህ። እናት ዛሬ የሃያ ዓመት ልጇን ከመሶቡ የምታርቃት ትንንሾቹን እንዳታስይዝ ነው። ልጅቷ ግን የያዛት ራሷ ትንሽ ሳለች፣ እዚያው ቤት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

ኢትዮጵያ ለሕፃናት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታቫለንት የሚባለው ክትባት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ይሰጣል። እናቶች የመጀመሪያውን «የአርባ አምስት ቀን ክትባት» ብለው ያውቁታል። ከዚያ ዓመት በፊት የተወለድን ሁላችን፣ ሆን ብለን አዋቂ ሆነን ካልተከተብን በስተቀር፣ ክትባቱ አልደረሰንም። የአርባ አምስት ቀኑ ክትባት ልጁን ከወንድሙና ከጎረቤቱ ይጠብቀዋል። ከወሊድ ምሽቱ ግን አይደርስለትም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም አገሮች ይህን እንዲሰጡ መምከር ከጀመረ ከ2009 ወዲህ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ለረጅም ዓመታት ዘግይተዋል፤ እኛም ከዘገዩት መካከል ነበርን። እቤቷ በልምድ አዋላጅ የምትገላገል እናት ባለችበት አገር በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባት ማድረስ ቀላል ሥራ አይደለም።

እንደሚሠራ ግን የሚያጠራጥር ነገር የለም። ታይዋን ከ1984 ጀምሮ ጨቅላዎችን ስትከትብ ከቆየች በኋላ በልጆች ላይ ይታይ የነበረው የጉበት ካንሰር ቁልቁል ወርዷል። በክትባት የካንሰርን ቁጥር መቀነስ እንደሚቻል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚሁ ነው።

ከወንበሩ ላይ

ቅዳሜ ማታ፣ የበዓል ዋዜማ፣ ፀጉር ቤቱ ሞልቷል። ወንበሩ ላይ ያለው ጎረምሳ ጎኑን ዜሮ ገብቶ ከላይ እንዲተውለት አዟል። ጥግ ላይ ሰማያዊ መብራት የበራባት ሳጥን አለች፤ ማበጠሪያና መቀስ ተደርድሮባታል። አስተካካዩ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥቶ፣ ለሁለት ሰብሮ፣ ለደንበኛው እያሳየ መያዣው ላይ ይሰካል። ሕዝቡ ይህን ያያል፣ ደስ ይለዋል። ቶንዶሱን ግን ማንም አያየውም። ቶንዶሱ ካንዱ ጭንቅላት ሲነሣ በብሩሽ ተጠርጎ ሌላው ላይ ያርፋል። በሥራ ማነስ ቀን አልኮል ተረጭቶበት በላይተር ቦግ ይደረጋል፤ በዋዜማ ለዚያም ጊዜ የለም።

ዕድሜው ገፋ ያለ አስተካካይ ብትጠይቁ የድሮውን ያጫውታችኋል። በዘጠናዎቹ ሰው ምላጩን በኪሱ ይዞ ይመጣ ነበር፤ አንዳንዱ የራሱን ቶንዶስ ሳይቀር። አሁን የሚጠይቀው የለም። ይህ ትዝታ የፀረ ኤድስ ክበባት ዘመን ትዝታ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን «ስለት ያላቸውን ነገሮች በጋራ አለመጠቀም» የሚለውን እንደ ጸሎት እናነበንበው ነበር። ኤች አይ ቪ የሚያስፈራው ቀነሰ፣ ምላጩም ተረሳ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ያ ትምህርት ለኤች አይ ቪ ከሚያስፈልገው በላይ ለሄፓታይተስ ቢ ያስፈልግ ነበር። ኤች አይ ቪ ከሰውነት ውጭ ጉልበት የለውም፤ በፀጉር ቤት የመተላለፉ ነገር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ግን በደረቀ ደም ላይ፣ ምንም እድፍ በማይታይበት ዕቃ ላይ ሳይቀር፣ ቢያንስ ለሰባት ቀን ሳይሞት ይቆያል። የመተላለፍ ኃይሉን ከኤች አይ ቪ ጋር ያነጻጸሩ ባለሙያዎች ከ50 እስከ 100 እጥፍ ይበልጣል ይላሉ። እኛ የምናስታውሰው የኤድስን ፖስተር ነው፤ ስለዚህኛው ቫይረስ የተለጠፈ ፖስተር ያየ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

*ኤች አይ ቪን ፈርተን ምላጭ ያዝን። የባሰው ሳይሄድ ምላጩን ጣልነው።*

ሰማያዊዋ መብራት ብርሃኗ ያረፈበትን ገጽ እንጂ በጥላ ያለውንና በፀጉርና በቅባት የተሸፈነውን አታጸዳም። ቦግ ያለው ነበልባልም በቶንዶሱ ጥርሶች ሥር ለተጣበቀው ዋስትና አይሆንም። የሚያስተማምነው ዕቃውን በውኃና በሳሙና ፈግፍጎ ካጸዱ በኋላ በተበጠበጠ በረኪና ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ መድኃኒት በቂ ጊዜ መዘፍዘፍ፣ አለዚያም የራስን ዕቃ መያዝ ነው። ሴቶቹ ዘንድም ያው ነው። ቅንድብ የሚቀነደብበት ምላጭ፣ የጥፍር ዳር ሥጋ የሚቆረጥበት መቁረጫ፣ የቅንድብ ንቅሳት መርፌ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲሄድ ማን ልብ ይላል? ቤት ውስጥስ? የአባወራው ምላጭ መታጠቢያው ላይ ተቀምጦ የጎረመሰው ልጅ ተደብቆ ይላጭበታል። የጥርስ ብሩሽ የሚዋዋሱ ባልና ሚስትም አይጠፉም።

ገጠር ሲኬድ ዝርዝሩ ይረዝማል። እንጥል መቁረጥ፣ ግርዛት፣ የድድ ንቅሳት፣ ጆሮ መብሳት፣ ዋግምት። ሴት ልጅን መግረዝ በሕግ የተከለከለና በራሱ ጉዳት ስለሆነ በንጹሕ ምላጭ ቢሆንስ የሚባል ነገር የለውም። ሌሎቹን በተመለከተ ግን አንድ ባለእጅ በአንድ ቀን የአንድ መንደር ልጆችን ሰብስቦ ሲሠራ ስለቱን በመካከል ምን ያደርገዋል የሚለው ጥያቄ ወላጅ ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

የጫካ ሯጮችና የመርከብ ሠሪዎች

ይህን የሐበሻ ኋላ ቀርነት አድርጎ የሚያይ ካለ፣ የስዊድንን ታሪክ ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በስዊድን ካርታና ኮምፓስ ይዘው በጫካ ውስጥ የሚወዳደሩ ሯጮች በጉበት ሕመም እየወደቁ አገር ግራ ተጋባ። ከ500 በላይ ሰዎች ታመሙ። ሁሉም ጤናማ ስፖርተኞች ናቸው፤ መርፌ አልተወጉም፣ ደም አልተሰጣቸውም። ኋላ ላይ ሲጠና፣ ሯጮቹ በቁጥቋጦና በእሾህ እግራቸው ተቧጭሮ ይመጣሉ፣ ከውድድር በኋላ ደግሞ በጋራ ውኃ ይታጠባሉ። ደም የነካው እሾህና ደም የነካው ውኃ ቫይረሱን ከአንዱ ጭረት ወደ ሌላው ያደርሰው ነበር ተብሎ ታመነ፤ ሯጮች እግራቸውን የሚሸፍን ልብስ እንዲለብሱ ተደረገ። በጃፓንም በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሱሞ ትግል ክበብ አባላት ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የትግል ቁስል ነው ምክንያቱ።

ሕክምናው ራሱም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። በ1883 በጀርመን ብሬመን ከተማ የመርከብ ሠራተኞች ለፈንጣጣ ሲከተቡ፣ ክትባቱ ከሰው አካል ከተወሰደ ፈሳሽ የተሠራ ነበርና ከ1,289ኙ 191ዱ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። በ1942 የአሜሪካ ጦር ለቢጫ ወባ ካስከተባቸው ወታደሮች መካከል 50 ሺህ ያህል በጉበት ሕመም ሆስፒታል ገብተዋል፤ ክትባቱ ውስጥ የሰው ደም ውሃ ተቀላቅሎ ነበር። ቫይረሱን ገና ማንም አያውቀውም ነበር። የታወቀው፣ አሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብሉምበርግ በ1965 ስለ አንድ እንግዳ ፕሮቲን ከጻፈ በኋላ ነው። ሰውዬው የጉበት በሽታ እየፈለገ አልነበረም፤ ደም ከሕዝብ ሕዝብ እንዴት እንደሚለያይ ሲያጠና ከአንድ አውስትራሊያዊ ነባር ነዋሪ ደም ውስጥ አገኘው። ክትባቱም ከዚያው ግኝት ወጣ። በ1976 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ሐምሌ 21 የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ሆኖ የሚከበረው የእሱ ልደት ስለሆነ ነው።

ዛሬ አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚጣለው መርፌና የደም ባንክ ምርመራ እነዚያን በሮች በአብዛኛው ዘግተዋል። አልተዘጋም የሚባለው «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» የሚለው ሕመምተኛና ፈቃድ የሌለው ወጊ ሲገናኙ ነው። ሌላም አለ። ሆስፒታል ውስጥ በመርፌ ጫፍ የሚወጋው ነርሱ ብቻ አይደለም፤ ቆሻሻ ከረጢቱን የምታነሣው የጽዳት ሠራተኛም ናት። ለሐኪሙ ክትባት የሰጠ ተቋም እሷን ረስቷት እንደሆነ ማየት ብዙ አያደክምም።

ባልና ሚስት

በግብረ ሥጋ መተላለፉ እርግጥ ነው፤ ለአዋቂዎች ዋናው መንገድም ይኸው ነው። ኮንዶም ይከላከላል። ብዙ ጥንዶች ከሠርግ በፊት ኤች አይ ቪ ተመርምረው ወረቀቱን ለንስሐ አባትም ለሽማግሌም ያሳያሉ፤ ሄፓታይተስ ቢን የሚጨምሩት ጥቂት ናቸው። አንዱ ላይ ሲገኝ ደግሞ መጀመሪያ የሚነሣው የታማኝነት ጥያቄ ነው። ከላይ እንዳልነው ግን ቫይረሱ ከጋብቻው በሃያ ዓመት የሚቀድም ሊሆን ይችላል። ትዳር በዚህ ወረቀት መፍረስ የለበትም። ሌላኛው ተመርምሮ ነጻ ከሆነ ክትባቱን ሦስት ጊዜ ይወስዳል፤ ክትባቱ ከያዘ በኋላ ጥንዶቹ እንደማንኛውም ባልና ሚስት ይኖራሉ።

ከተገኘ በኋላ

ተሸካሚ መሆን ሁሉ ታማሚ መሆን አይደለም። በአዋቂነት ዘመናቸው ከተሸካሚዎቹ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ጉበታቸው ይጠጥራል ወይም ካንሰር ይይዛቸዋል። የቀሩት አብረውት ያረጃሉ። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ክትትል ያደረገ ብቻ ነው፤ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ደም ተቀድቶ የጉበት ሥራና የቫይረሱ መጠን ይለካል፣ ጉበቱም በአልትራሳውንድ ይታያል። ችግሩ ያለው እዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2022 በዓለም ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩት 254 ሚሊዮን ሰዎች መካከል መያዛቸውን የሚያውቁት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ መድኃኒት የሚወስዱት 3 በመቶ ያህል።

መድኃኒት አለ። ቴኖፎቪር ይባላል፤ በቀን አንድ ፍሬ ነው። ቫይረሱን ጨርሶ ባያጠፋውም ያደክመዋል፣ ጉበቱም ያገግማል። አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው የሕክምና መርሐ ግብር ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ከተጀመሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ይኸው ክኒን በኤች አይ ቪ መድኃኒት ውስጥ የሚገኝ ነው። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው በነጻ ይወስደዋል፤ ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ያለበት ብዙ ጊዜ ከኪሱ ከፍሎ። ይህ ልዩነት በሕክምና ሳይንስ የሚገለጽ አይደለም፤ ዕርዳታ ሰጪው ዓለም የት እንዳየና የት እንዳላየ የሚያሳይ ነው።

ክፍተቱን የሚሞላው ሌላ ነው። ለወፍ በሽታ ፍቱን ነው የሚባል ቅጠል በየሰፈሩ አለ። ሰው ጠጥቶት ሲሻለው ይመሰክራል፤ ነገር ግን ድንገተኛው የጉበት ሕመም በአብዛኛው አዋቂ ላይ በራሱ የሚድን መሆኑን ከላይ አይተናል። ቅጠሉ አልፎ አልፎ ለታመመ ጉበት ሁለተኛ መርዝ ይሆናል። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ክትትሉን ግን አያቋርጥ። አረቄና ቢራ ይቅርበት። የሻገተ ኦቾሎኒና በቆሎም እንዲሁ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ከቫይረሱ ጋር ሲገናኝ የጉበት ካንሰርን አደጋ ያባዛዋል።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ጉዳዩን የሚያገኙት በሌላ በር ነው። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያው ማዕከል ከ2023 ወዲህ አዋቂ ሁሉ በዕድሜው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይመክራል። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ነፍሰ ጡር በመጀመሪያው ክትትሏ ትመረመራለች። ቫይረሱ ከተገኘባት ልጇ በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ ክትባቱንና የተዘጋጀ የመከላከያ ደም ውጤት እንዲወጋ ይደረጋል። እህቷ አገር ቤት ስትወልድ የሚጠብቃት ከምትወልድበት ቦታ ጋር ይለያያል።

ለዚህ ነው ጥያቄውን ሕመምተኛው ራሱ ማንሣት ያለበት። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ጠይቂ። ካለብሽ ለሐኪሙ ንገሪ፤ እንደ ቫይረሱ መጠን በእርግዝናው መጨረሻ ወራት የሚወሰድ መድኃኒት አለ፣ ልጅሽም በተወለደ ዕለት ክትባቱ ይዘጋጅለት፣ ጡት ከማጥባትም አትታቀቢ። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ የምታስቡ፣ ለደላላ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ተመርመሩ። ነጻ ከሆናችሁ ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላና በስድስተኛው ወር። ፀጉር ቤት ስትሄዱ ቶንዶሱ እንዴት እንደጸዳ ጠይቁ። ቤታችሁ ውስጥ የተያዘ ሰው ካለ ደግሞ ምላጩን፣ የጥፍር መቁረጫውንና የጥርስ ብሩሹን ለዩለት። ሳህኑን መልሱለት።